ልጁ ብቻ ታክሞ የማይጠፋ እከክ

[የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል]

አቅራቢ፦ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒ፣ በአዲስ ቅዳም፣ በቲሊሊ፣ በየገጠሩ ቀበሌም ሆናችሁ የምትከታተሉን እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ሳምንታዊው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን ጀምሯል። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ሁሉ እስኪ ወደ ሬዲዮናችሁ ጠጋ በሉ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ ቀን ደኅና ሲጫወት ይውልና ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገባ ማከክ ይጀምራል? እንቅልፍ አጥቶ ይነጫነጫል? በጣቶቹ መካከል፣ በእጁ አንጓ፣ በብብቱ፣ በእምብርቱ ዙሪያ፣ በመቀመጫው ላይ ትንንሽ ሽፍታ ይታያል? ገና የሚጠባ ከሆነ ደግሞ መዳፉንና ውስጥ እግሩን፣ አንገቱንና ራሱንም እዩለት።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ልጨምር። አብሮት የሚተኛው ወንድሙስ ያክካል? እናንተስ?

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ “አዎ” ከሆነ፣ ቤታችሁ የገባው እከክ ሊሆን ይችላል። ሽፍታ ሁሉ እከክ አይደለም፤ ጭርት አለ፣ ችፌ አለ፣ ጉድፍም አለ። ነገር ግን ማታ የሚብስ፣ ከአንድ በላይ የቤተሰብ አባል የያዘ ማሳከክ ሲያጋጥም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው እከክ ነው። በአቅራቢያችሁ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የጤና ጣቢያ ባለሙያ አይተው ያረጋግጡላችሁ።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ ዛሬ ደጋግሜ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ሌላውን ብትረሱ ይህንን ያዙልኝ። እከክ ልጁን ብቻ አክመን የምንገላገለው በሽታ አይደለም። የሚታከመው ቤተሰቡ ነው። ሁሉም ሰው፣ በአንድ ሌሊት፣ ከሳምንት በኋላም እንደገና።

ለምን? እስኪ አብረን እንየው።

እከክን የምታመጣው በዓይን የማትታይ ትንሽ ተባይ ናት። ሴቷ የቆዳችንን የላይኛ ሽፋን ሰርስራ ትገባና በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በሦስት በአራት ቀን ይፈለፈላል። የተፈለፈለችውም በሁለት ሳምንት ገደማ አድጋ በተራዋ ትወልዳለች። እ.ኤ.አ. በ1687 ቦኖሞ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ይህችን ተባይ በማጉያ መነጽር አይቶ ሥዕሏን አስቀምጧል። ስለዚህ የእከክ መነሻ ከታወቀ ከ330 ዓመት በላይ ሆኖታል። የማንም ዓይን፣ የማንም እርግማን አያመጣውም።

አንድ ሰው ገላ ላይ ስንት ያህል ይኖራሉ ብላችሁ ትገምታላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ብቻ ናቸው። ይህን ሁሉ ማሳከክ የሚያመጣው ብዛታቸው አይደለም፤ ሰውነታችን በእነሱና በቆሻሻቸው ላይ የሚያነሳው ቁጣ ነው። ይህ ቁጣ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰውየው ተባዩን ተሸክሟል፣ ግን ምንም አያሳክከውም። ከልጁ ጋር ይተኛል፣ ያቅፈዋል። “እኔ ደኅና ነኝ፣ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?” ይላል። ልጁ ታክሞ ይድናል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚሁ “ደኅና ነኝ” ካለው ሰው መልሶ ይይዘዋል። እናት “መድኃኒቱ አልሠራም” ትላለች። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ያልታከመው ቤተሰቡ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ ስለ እከክ ስናወራ ብዙ ሰው አንገቱን ይደፋል። “የቆሻሻ ሰው በሽታ” ስለሚባል። ይህ አነጋገር ብዙ ልጆችን ስለጎዳ ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም።

በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት ድርቅ ሲመጣ በአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎች እከክ እንደ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። በ68 ወረዳዎች በተደረገ ቅኝት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ታይቶ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ እከክ ተገኝቶበታል። ከሦስት አንዱ! ይህን ያህል ሕዝብ ቆሻሻ ስለሆነ ነው? አይደለም። ውኃና ምግብ ያጣ፣ ተጨናንቆ ለመኖር የተገደደ፣ መድኃኒት በቶሎ ያልደረሰው ሕዝብ ስለነበረ ነው። በ2007 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በየቆሎ ተማሪዎች መካከልም የእከክ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። በአንዲት ጠባብ ጎጆ ተደራርበው የሚያድሩ ልጆችን እከክ ለማግኘት አይቸገርም።

እኛ ዘንድ፣ በአዊ ዞን፣ ውኃ ሞልቷል፤ ዝናቡም ለወራት ይዘንባል። ታዲያ እከክ ለምን ይኖራል? ምክንያቱም የሚተላለፈው ከገላ ወደ ገላ፣ ረዘም ላለ ጊዜ በመነካካት ነው። የእንጅባራን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ብርዱ ሲጠና አራት ልጆች በአንድ ጋቢ፣ በአንድ ቁርበት ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ። ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ በአንቀልባ በእናቱ ወይም በእህቱ ጀርባ ላይ ይውላል። ይህ የፍቅርና የሙቀት ኑሯችን ነው፤ ተዉት አልልም። ተባዩም የሚሻገረው በዚሁ መንገድ መሆኑን ግን እንወቅ። በየቀኑ ገላውን የሚታጠብ ልጅም ይይዘዋል። መታጠብ ብቻውንም አያድነውም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በማንኛውም ጊዜ በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይኖርባቸዋል። ስለዚህ እናቴ፣ ልጅሽን እከክ ያዘው ማለት አንቺ ሰነፍ ነሽ ማለት አይደለም። አትደብቂው። መሸሸጉ ነው የሚያስፋፋው።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ቤት ውስጥ እንዴት እናክማለን? እንበልና ዳንግላ ውስጥ አንዲት እናት አለች። ባል አላት፣ አማቷ አብረዋት ይኖራሉ፣ ሦስት ልጆች አሏት፤ የመጨረሻው የስምንት ወር ሕፃን ነው። የሚያክኩት ሁለት ልጆች ናቸው። ስንት ሰው ነው የሚታከመው?

ስድስቱም። ባል፣ አማት፣ እናት፣ ሦስቱም ልጆች። ቤት ውስጥ የምታግዝ ልጅ ካለችም ሰባት ይሆናሉ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ “ልጄን አሳከከው” ብቻ አትበሉ፤ “ቤታችን ውስጥ ይህን ያህል ሰው አለ፣ ዕድሜያቸው ይህን ያህል ነው፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት” ብላችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱ የሚመረጠው በዕድሜና በሁኔታ ነው።

ፐርሜትሪን የሚባል ክሬም አለ፤ ሁለት ወር ከሞላው ሕፃን ጀምሮ ይሆናል። ቢቢኤል የምንለው ፈሳሽ ቅባትም አለ፤ እሱ ስለሚያቃጥል ለልጅ ሳይቀጥን አይቀባም። አቀጣጠኑን ባለሙያው ያሳያችሁ፤ በግምት አታድርጉት። ሁለት ወር ላልሞላው ጨቅላ የድኝ ቅባት፣ ማለትም የሰልፈር ቅባት ይታዘዛል። ይሸታል፣ ልብስም ያቆሽሻል፤ ለተከታታይ ሦስት ሌሊት ሲቀባ ግን ይሠራል። አይቨርሜክቲን የሚባል የሚዋጥ እንክብልም አለ። ይህንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በጥቁር ዝንብ ለሚተላለፈው፣ ዓይን ለሚያጠፋው ለኦንኮ በሽታ በቁመት እየተለካ ሲታደል አይታችኋል። ለትንንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡሮች አይሰጥም። ከዘመቻ የተረፈ እንክብል ቤት ውስጥ ቢገኝ ለሕፃን አትስጡ።

ክሬሙን የምትቀቡበትን ሌሊት አብረን እንለፈው። ምሽት ላይ ሁሉም ገላውን ይታጠባል፤ ጥፍሩን ይቆረጣል። ገላው በደንብ እስኪደርቅና እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከዚያ ፐርሜትሪን ከሆነ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ትልልቆቹ ከአንገታቸው በታች እስከ እግር ጣታቸው ይቀባሉ። ሽፍታው ያለበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ቦታ! በጣቶች መካከል፣ ከጥፍር ሥር፣ በብብት፣ በብልት አካባቢ፣ በመቀመጫ፣ በውስጥ እግር። ጀርባን ራስ ለራስ መቀባት ስለማይቻል ተቀባቡ። ሕፃኑ ደግሞ ራሱም፣ ከጆሮው ኋላም፣ አንገቱም ይቀባል፤ ዓይኑና አፉ ብቻ ይቀራሉ።

ሕፃን እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ ስለዚህ ከተቀባ በኋላ እጁን በንጹሕ ካልሲ ወይም በጨርቅ ሸፍኑለት። የምታጠባ እናት ከማጥባቷ በፊት የጡቷን ጫፍ ታጽዳ፤ ካጠባች በኋላ መልሳ ትቀባ። ሌሊት ተነስቶ እጁን የታጠበ ሰው እጁን እንደገና ይቀባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ተባዩ ከሁሉ ይበልጥ የሚወደው ጣቶች መካከል ያለውን ቦታ ነው፣ እኛ ደግሞ ቶሎ የምናጥበው እሱን ነው።

ጧት 12 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ይታጠባል። ንጹሕ ልብስ ይለብሳል።

አለቀ? አላለቀም። ከሳምንት በኋላ በዚያው ዕለት ማታ ሁሉም እንደገና ይቀባል። መድኃኒቱ እንቁላሉን ሁሉ ላይገድል ይችላል። ሁለተኛው ዙር ከእንቁላሉ የወጡትን፣ አድገው ሳይወልዱ ይይዛቸዋል። እስኪ አብረን እንበለው፦ ሁሉም ሰው፣ በአንድ ሌሊት፣ ከሳምንት በኋላም እንደገና።

ይህ የኔ ግምት አይደለም። ፊጂ በምትባል የደሴቶች አገር ተመራማሪዎች ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን አሳትመዋል። በአንድ ቦታ የታመሙትንና የቅርብ ሰዎቻቸውን ብቻ አከሙ፤ በዓመቱ እከኩ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በሌላ ቦታ የታመመውንም ያልታመመውንም፣ ሕዝቡን በሙሉ በእንክብሉ አከሙ፤ እከኩ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የሚያስደስተው ደግሞ መግል የያዘው የልጆች የቆዳ ቁስልም አብሮ በጣም ቀነሰ። ወደዚህ ቁስል እመለሳለሁ።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ “ልብሱስ? አልጋውስ?” ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ተባዩ ከሰው ገላ ከወጣ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን በላይ ብዙ አይቆይም፤ በብርድና በእርጥበት ግን ሊሰነብት ይችላል። ስለዚህ ባለፉት ሦስት ቀናት የተለበሰ ልብስ፣ አንሶላ፣ ፎጣ፣ ጋቢ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ይህ መቀባቱ ካለፈበት ሌሊት ቀጥሎ ባለው ጧት ቢሆን ይመረጣል።

በክረምት እንጅባራ ላይ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ከሰል በእጃችን ነው፤ የታጠበውን ልብስ በደንብ በጋለ ካውያ ተኩሱት፣ በተለይ ስፌቱን። የማይታጠበውን ደግሞ፣ አጎዛውን፣ ቁርበቱን፣ አንቀልባውን፣ በትልቅ ላስቲክ ጠቅልላችሁ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩና ሳምንት አቆዩት። ተባዩ ሰው ካላገኘ ይሞታል። አንቀልባው ታስሮ ሲቀመጥ ሕፃኑን በታጠበ ነጠላ እዘሉት።

ቤቱን በፀረ ተባይ መርጨት አያስፈልግም። ፈረሱንም አትጠርጥሩት! የፈረስና የውሻ እከክ ሰው ላይ ለጥቂት ቀን ቢያሳክክ እንጂ በሰው ቆዳ ላይ አይራባም። ፈረሱ ካከከ ለራሱ ለፈረሱ የእንስሳት ሐኪም ጥሩለት።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ አሁን የምናገረውን በጥሞና ስሙኝ። እከክ ራሱ አይገድልም ብለን ቸል የምንለው ብዙዎች ነን። ልጅ ሲያክክ ቆዳው ይላጣል፤ በተላጠው በኩል ባክቴሪያ ይገባል። ቁስሉ መግል ይይዛል፤ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ያበጃል። ይህ ቁስልም ራሱ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከነዚህ ባክቴሪያዎች አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል፤ በቆዳ ገብቶ የልጁን ኩላሊት እንዲቆጣ የሚያደርግበት ጊዜ አለ።

ቁስሉን ቤት ውስጥ እንዴት እንያዘው? እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በሳሙና ቁስሉን በቀስታ እጠቡ። ቅርፊቱን በግድ አትቅረፉት፤ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ አርሱትና ሲለሰልስ ጥረጉት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ፎጣው የእሱ ብቻ ይሁን። ስትጨርሱ እጃችሁን መልሳችሁ ታጠቡ። መግል ካለ የእከክ ቅባቱን ከመቀባታችሁ በፊት ባለሙያ ይየው፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል፣ ቅባቱም በቁስል ላይ ያቃጥላል።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? የቴትራሳይክሊን ወይም የአምፒሲሊን እንክብል ፈትተን ዱቄቱን ቁስሉ ላይ እንነሰንሳለን። ተዉት! ቁስሉን አያድንም፤ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል። ነጭ ጋዝ የሚቀቡም አሉ፤ የከብት መዥገር መርጫ የሚቀቡም አሉ። ይህ የሕፃንን ቆዳ ያቃጥላል፤ የመዥገሩ መድኃኒት በቆዳው ሰርጎ ሊመርዘውና ሊገድለው ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቆ ማሰርም ቆዳ ይልጣል። ጎረቤት “ለኔ ልጅ ጠቅሞታል” ያለችውን ቅባት ከሱቅ ገዝቶ መቀባትም ሌላው ችግር ነው። ብዙዎቹ እንደ ቤታሜታዞን ያሉ ማሳከክ የሚያበርዱ ቅባቶች ናቸው። ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሱታል፣ ተባዩ ግን ከሥር ይራባል፤ ባለሙያውም በኋላ ለመለየት ይቸገራል። ጠበል የምትወስዱ ውሰዱ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።

ልጁን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል የምታደርሱት መቼ ነው? ትኩሳት ካለው። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ከቀላ፣ ካበጠና ከጋለ። ጧት ሲነሳ ፊቱና የዓይኑ ቆብ ካበጠ። ሽንቱ ካነሰ ወይም ጠቁሮ ሻይ ከመሰለ። ሕፃኑ መጥባት እምቢ ካለ። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ነገ አትበሉ፤ የገበያ ቀን ነው አትበሉ፤ መንገዱ ጭቃ ነው አትበሉ።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ ከመሰናበታችን በፊት፣ ብዙ ቤተሰብን የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ሁሉም ታከመ፣ ሁለተኛውም ዙር አለፈ፣ ልጁ ግን አሁንም ያክካል። ምን ሆኖ ነው? ተባዩ ሞቷል፤ ቅሪቱ ከቆዳው እስኪወጣና የሰውነቱ ቁጣ እስኪበርድ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ማሳከኩ ሊቀጥል ይችላል። በዚህ ጊዜ ተደናግጣችሁ በየቀኑ አትቀቡት፤ ቆዳውን ትጎዱታላችሁ። አዲስ ሽፍታ መውጣት ከቀጠለ፣ ወይም አራት ሳምንት አልፎም ካላቆመ፣ ወደ ባለሙያው ተመለሱ። ምናልባት አንድ ሰው ሳይታከም ቀርቶ ይሆናል። ማነው የቀረው? በእንጅባራ ቤት ተከራይቶ የሚማረውና በየበዓሉ የሚመጣው ታላቅ ልጅ ይሆን? ክረምቱን አብራችሁ የከረመች የአክስት ልጅ ትሆን?

መምህራን ሆይ፣ ልጁ የመጀመሪያውን መድኃኒት ተቀብቶ ካደረ በማግስቱ ትምህርት ቤት መምጣት ይችላል። ከክፍል አታባርሩት፤ ለብቻው አታስቀምጡት። መግል ያለበት ቁስል ካለው መድኃኒት ጀምሮ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ፤ ሲመለስም ቁስሉ ተሸፍኖ ይሁን። የአብነት መምህራን የኔታዎቻችንም፣ ጎጆ የሚጋሩ ተማሪዎቻችሁ አንዱ ቢያክክ ለአንዱ ብቻ መድኃኒት አትለምኑ፤ ጤና ጣቢያው ለሁሉም በአንድ ሌሊት የሚሆን እንዲያዘጋጅ ጠይቁ።

እናንተም አድማጮቻችን፣ ልጃችሁ ታክሞ ሲያበቃ፣ ልጆቻቸው ከልጃችሁ ጋር የሚተኙና የሚታቀፉ ጎረቤቶች ካሏችሁ ሳታፍሩ ንገሯቸው። “ልጄን እከክ ይዞት ነበር፣ እናንተም ተዩ” በሏቸው።

[የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ያልቃል]